«ከጀመረህ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ። መስኮቱ ዝግ ነው። ጃኬቴን ደረብኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጉልበቴና ወገቤ ዱላ እንደበላ ሰው ይቆረጥመኝ ጀመር። ያችን ሰዓት ዛሬ አልረሳትም። ያኔ ግን ልብም አላልኳት። ዓርብ ጠዋት አንዲት ዶክተር «ከጀመረህ ስንት ሰዓት ሆነ?» ስትለኝ ጣቴን እያጠፍኩ ነው የቆጠርኩት። 65 ሰዓት።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው የሆነብኝን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሠራኋቸው ስህተቶች ለአንድ ሰው ይበዛሉ፤ እናንተ ባትደግሟቸው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ማለቴ ነው። አፍንጫ ያፈሰሰውን፣ ጉሮሮ የከረከረውን፣ ያሳለውንና ያተኮሰውን ሁሉ ጉንፋን እንለዋለን። ቫይረሶቹ ግን አንድ አይደሉም። ተራውን ጉንፋን በብዛት የሚያመጣው ራይኖ ቫይረስ ብቻውን ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ነው፣ አርኤስቪ የሚባለው በተለይ ሕፃናትን የሚያስቸግር የመተንፈሻ ቫይረስ ሌላ ነው፣ ኮቪድን የሚያመጣውም ሌላ ነው። ተራ ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ዛሬ ጉሮሮ ይበላል፣ ነገ አፍንጫ ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያ ሳል ይከተላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በአብዛኛው በሩን በርግዶ ነው የሚገባው። ዶክተሯ በኋላ እንዳለችኝ፣ አንድ ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በትክክል መናገር ከቻለ ያ ራሱ አንድ ምልክት ነው።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ይህ ማለት ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው ለከባድ ሕመም ይጋለጣሉ ከሚባሉት ሰዎች ወገን ነኝ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት (በተለይ 2 ዓመት ያልሞላቸው)፣ እርጉዞችና ከወለዱ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው እናቶች፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊትና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፤ እነዚህ ሁሉ «ያልፋል» ብለው መጠበቅ የሌለባቸው ናቸው። አስሜ ግን ለዓመታት ስላላስቸገረኝ ራሴን ከበሽተኛ አልቆጥርም ነበር። ፓፏ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች።

ረቡዕ ጠዋት ፓራሲታሞል ውጬ ሥራ ገባሁ። ትኩሳቱ ወረደ፤ የተሻለኝ መሰለኝ። ትኩሳት ማስታገሻ ትኩሳቱን እንጂ ቫይረሱን አይነካውም። እኔ ቫይረሱን በብዛት በምረጭበት ቀን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር። በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታመመም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ያህል ለሌላ ያስተላልፋል። አብረውኝ ከተሰበሰቡት ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት አልጋ ላይ ነበሩ። ከእኔ ነው ብለው አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ።

ማታ ቤት ስገባ ትኩሳቱ ተመለሰ። መሳቢያ ስፈትሽ ባለፈው ዓመት ለጥርሴ ታዞልኝ ያልጨረስኩትን አሞክሳሲሊን አገኘሁ። ሰባት ፍሬ ቀርቷል። ሁለቱን ዋጥኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምናደርገው? አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን ነው የሚገድለው፣ የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ ግንባታ አበላሽቶ። ቫይረስ ግድግዳ የለውም። በራሱ የሚኖር ሕዋስም አይደለም፤ የእኛን ሕዋስ ተከራይቶ የሚራባ ነገር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ሆድ ማበጥና ተቅማጥ ግን አያጣም፤ ሁለቱንም አገኘኋቸው።

ሐሙስ ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ከፓራሲታሞሉ ላይ «ለጉንፋንና ለሳል» የሚል በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት መውሰድ ጀመርኩ። ማሸጊያውን ገልብጬ አላነበብኩም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበት ነው የሚጎዳው። ኋላ ስንደምረው ያን ቀን ወደ 5 ግራም ተጠግቼ ነበር። በደህና አለፍኩ። ግን እባካችሁ፣ የጉንፋን መድኃኒት ስትገዙ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡት። ልጆች ላላችሁ ደግሞ፣ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ሬይ ሲንድሮም ከሚባል አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳ አደገኛ ነገር ጋር ይያያዛል።

ሐሙስ ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። «አንተ፣ አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሆንም እኮ! የቫይረስ መድኃኒት ነው የሚያስፈልግህ» አለኝ። ልክ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ልክ አልነበረም። «እኔ ከንፈሬ ላይ ሲወጣብኝ የምወስደው አሲክሎቪር አለ፣ ልላክልህ?» እምቢ አላልኩም። ላከልኝ፤ ደግነቱ እሱ ሲደርስ እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ።

ይህ የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንቲባዮቲክ ሰፋ ባለ መንገድ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ሊመታ ይችላል። ፀረ ቫይረስ ግን እንደ ቁልፍ ነው፤ ለአንድ በር የተሠራ። አሲክሎቪር ሥራ የሚጀምረው እንደ ከንፈሩ ቁስል ያለውን የሚያመጡት የሄርፒስ ቫይረሶች ብቻ በሚሠሩት አንድ ኢንዛይም ሲነቃ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ያ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ አሲክሎቪሩ ሳይነቃ ገብቶ ሳይነቃ ይወጣል። «ፀረ ቫይረስ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የትኛው ቫይረስ ላይ? ማለት ያስፈልጋል።

ሐሙስ ሌሊት ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ፓፏን ፈልጌ ነፋሁ፤ ለአንድ ሰዓት ቀለል አለኝና ተመለሰ። በአራት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። የሰባት ወር እርጉዝ የሆነችው ባለቤቴ ትራስ ደግፋልኝ ጎኔ ተቀምጣ አደረች። ያን ያህል ቀርባኝ ማደሯ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም አልታየንም። ሲነጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ እንዳለብኝ ያየችው እሷ ናት። «ተነሥ» አለችኝ። ተነሣሁ።

ዶክተሯ ጠና ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ያምሃል?» አልነበረም። «ከጀመረህ ስንት ሰዓት ሆነ?» ነው ያለችው። ሁለተኛው «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?» የሚል ነበር። ከአፍንጫዬ ናሙና ተወሰደ። በ15 ደቂቃ የሚደርሰው ፈጣን ምርመራ «የለም» አለ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል በእጇ ቁጭ በል አለችኝ። ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ካለ በአብዛኛው ይታመናል፤ «የለም» ካለ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ፒሲአር የሚባለውን ይበልጥ የሚታመን የላቦራቶሪ ምርመራ አዘዘች፤ ውጤቱ ግን ነገ ነው የሚደርሰው። «ነገን አንጠብቅም» አለችና መድኃኒቱን ጻፈች። በማግስቱ ፒሲአሩ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ብሎ መጣ። ምርመራው ነፃ ነህ ካላችሁ ሰውነታችሁ ግን ካልመሰከረ፣ ሰውነታችሁን ስሙት።

የታዘዘልኝ ኦሴልታሚቪር ነው፤ ብዙ ሰው ታሚፍሉ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። አንድ ፍሬ 75 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ5 ቀን። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት የማዘዣ ወረቀቱን ገልብጣ ሣለችልኝ። ክብ የሆነ ሕዋስ፤ ጠርዙ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ነጥቦች። ቫይረሱ ሕዋሱ ውስጥ ተራብቶ ሲወጣ አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ቆዳ ላይ በስኳር መሰል ነገር ተጣብቀው ይቀራሉ። ያንን ቆርጦ የሚያስለቅቃቸው ኒውራሚኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የቫይረሱን ዓይነት ኤች1ኤን1 ስንል «ኤን» የምትለዋ እሱ ናት። መድኃኒቱ ያንን መቀስ ያደነዝዘዋል። ቫይረሶቹ እዚያው ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ወደ ሚቀጥለው ሕዋስ አይሻገሩም።

ሥዕሉን ሳይ የሰዓቱ ነገር ገባኝ። መድኃኒቱ የተወለደውን ቫይረስ አይገድልም፤ መስፋፋቱን ነው የሚያግደው። ቫይረሱ ደግሞ በብዛት የሚራባው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ለዚህ ነው በ48 ሰዓት ውስጥ ጀምሩት የሚባለው፤ ቢቻል ከዚያም በፊት። «የእኔስ?» አልኳት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው» አለችና ፈገግ አለች። «ግን ያንተ ጅብ ገና ሙሉ በሙሉ አልሄደም። አስም ስላለህ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅምሃል።» ለከባድ ሕመም ለሚጋለጡና ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ከ48 ሰዓት በኋላም ይሰጣል። እናንተም «ሁለት ቀን አልፎኛል፣ ምን ዋጋ አለው» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

አንድ ወዳጄ «ለሳንባ ከሆነ የሚሳበው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ዛናሚቪር ማለቱ ነው፤ በአፍ ተስቦ የሚገባ ዱቄት። ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ዛናሚቪር አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብበት ስለሚችል ለእኔ ዓይነቱ አይመከርም። ባሎክሳቪር የሚባል አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመጣ፤ እሱ ደግሞ ለእርጉዝ አይመረጥም። የቆዩት አማንታዲንና ሪማንታዲን ቫይረሱ ስለለመዳቸው ዛሬ ለኢንፍሉዌንዛ አይታዘዙም። ስለዚህ ለጎረቤት የታዘዘው ለእናንተ አይሆንም ሲባል ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልመለስ። ዶክተሯ «እርጉዝ ቤት ውስጥ አለች» ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። ባለቤቴን ራሷን አየቻት፣ ማዘዣ ጻፈችላት፣ ስልኳን ሰጠችን። «ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ካለሽ ደውይ። ምርመራ አትጠብቂ፣ ጠዋትም አትጠብቂ» አለቻት። ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ደወልን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ፍሬ ዋጠች። አራት ሰዓት ማለት ነው። እኔ 65፣ እሷ 4።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አስመለሳት። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፤ ምግብ ቀምሶ መውሰድ ያቀልለዋል፤ እሷ በባዶ ሆዷ ነበር የዋጠችው። ይደገም አይደገም በራሳችን አልወሰንንም፤ ደውለን ጠየቅን። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱም ሆዷ ረጋ፣ እሷም ረጋች። እሑድ ትኩሳቷ ጠፋ። ሰኞ ተነሥታ ለእኔ ውሃ ታቀብለኝ ነበር።

ሐቀኛ ልሁን። ይህን ሁሉ ያደረገው መድኃኒቱ ነው ልል አልችልም። እሷ አስም የለባትም፤ ከእኔም በዕድሜ ታንሳለች። ጤነኛ ሰው ላይ ኦሴልታሚቪር ሕመሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ነው፤ ምን ያህል ከባድ ችግር ይከላከላል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። ተአምር አትጠብቁ። ግን እርጉዝ ሚስት ያለው ሰው በአንድ ቀንም ቢሆን አይከራከርም።

ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴም ነበረች። 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ኩላሊቷም ከተዳከመ ቆይቷል። ለእሷ ሳትታመም መከላከያ እንዲሆናት በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ታዘዘላት። እዚህ ላይ ዶክተሯ የእማዬን የመጨረሻ የኩላሊት ምርመራ ጠየቀች። ኦሴልታሚቪር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሲደክም መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ መጠኑ ይቀነሳል። ወረቀቱን ከየት አመጣለሁ? ቤት ደውዬ አልጋ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ተፈልጎ ፎቶው ተላከልኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የታመመ ወላጅ ያላችሁ፣ ያቺን ወረቀት ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጧት። እማዬ ምንም ሳይነካት ወጣች። «ለእኔ ምኑን አበዛችሁት» እያለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እሑድ እኔም ተሻለኝ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ተቀምጬ በላሁ። እንዲያውም አምስተኛው ቀን ሳይሞላ የቀሩትን ፍሬዎች ለሌላ ጊዜ ላስቀምጣቸው አሰብኩ። አያችሁ የሰውን ነገር? በአሞክሳሲሊኑ አልተማርኩም። ባለቤቴ ማሸጊያውን ከእጄ ወሰደችው።

ሰኞ ጠዋት የጣት ኦክስጅን መለኪያ ጣቴ ላይ አድርጌ አየሁ። 95። ጥሩ ነው ብዬ ተኛሁ። ማታ እንደገና አንቀጠቀጠኝ። ይህኛው የተለየ ነበር። ቀኝ ጎኔን በረጅሙ ስተነፍስ እንደ መርፌ ይወጋኛል። ስስል የወጣው አክታ ቀለሙ የዛገ ብረት ይመስላል። ሐኪም ቤት ስንደርስ ኦክስጅኔ 89 ነበር። ኤክስሬይ ተነሣሁ፤ የቀኝ ሳንባዬ የታችኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ታየ። ቫይረሱ የላጠውን የመተንፈሻ አካል ባክቴሪያ ገብቶበት ነው፤ የሳንባ ምች።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ። ከተሻለ በኋላ የተመለሰ ትኩሳት ሌላ ነገር ነው። «አገረሸብኝ» ብላችሁ እንዳትተኙ። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሳቸው ይኸው ከኢንፍሉዌንዛው ቀጥሎ የመጣው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር፤ ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ በ1928 ነው። እኔ አንቲባዮቲክ ባለበት ዘመን በመታመሜ ነው የተረፍኩት። ነገሩ ያስቃል። ረቡዕ ያለ ቦታው የዋጥኩት ዓይነት መድኃኒት፣ ሰኞ በቦታው ገብቶ በደም ሥሬ ይንጠባጠብ ጀመር። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ምን ወስደሃል?» ሲለኝ ሁለቱን የአሞክሳሲሊን ፍሬ ልደብቅ ነበር። ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ጻፈው። የሚሰጠኝን ለመምረጥ ያስፈልገው ነበር። አትደብቁ።

አራት ሌሊት ተኛሁ፣ ሁለቱን በኦክስጅን። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። የአፍንጫው ቱቦ ጆሮ ጀርባ ያቆስላል፤ ሌሊቱ ይረዝማል።

ስለ ጣት መለኪያው ግን አንድ ነገር። ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ አሁንም ቤታችን አለ። ሆኖም ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ጥፍር ሲቀባ ይሳሳታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ 95 የሚለው ብቻውን አያረጋጋችሁ። ትናንት 98 የነበረ ዛሬ 95 ከሆነ ያ መውረድ ነው። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ሰውየውን እዩት። መናገር ያቅተዋል? ከንፈሩ ጠቆረ? ግራ ይጋባል? ሽንቱ ቀነሰ? ደረቱን ይወጋዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ መለኪያውን አስቀምጡና ሂዱ።

ልጃችን በጊዜዋ በሰላም ተወለደች። ሦስት ወር ሲሆናት ሳል ያዛት፤ ጡት መጥባት አቃታት። በዚህ ጊዜ አልጠበቅንም። ምርመራው አርኤስቪ አለ። እኔ አሁን «አዋቂ» ሆኛለሁ፤ «ፀረ ቫይረሱን ቶሎ ስጧት፣ ከጀመራት 14 ሰዓት ነው» አልኩ። የሕፃናት ሐኪሙ በትዕግሥት ሰማኝና «ለዚህ የምሰጣት የለኝም» አለ። ልጆች በሙሉ ለማለት ይቻላል ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አርኤስቪ ይይዛቸዋል። አብዛኞቹ በእንክብካቤ ይወጡታል። አፍንጫዋን በጨው ውሃ አጥቦ መምጠጥ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግሞ ማጥባት፣ የሚርሰውን ዳይፐር መቁጠር፣ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሐል ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ማየት። እነዚህን ሠራን። አለፈ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአንዳንድ አገሮች ለሕፃናት የሚሰጥ ኒርሴቪማብ የሚባል መከላከያ ፀረ አካልና ለእርጉዞች የሚሰጥ ክትባት መጥቷል፤ ባላችሁበት ካለ ጠይቁ። ለራይኖ ቫይረስማ እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም። ለሁሉም ሳል ፀረ ቫይረስ አለ ብሎ ማሰብ የእኔ ሁለተኛ ዙር ስህተት ነበር።

ሦስተኛ ዙርም ነበረን፤ እማዬ ኮቪድ ያዛት። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ ተጽፏል፣ ምርመራው በዚያው ቀን ተሠርቷል። የኮቪዱ መድኃኒት ፓክስሎቪድ ምልክት በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ እኛ በ20 ሰዓት ውስጥ ደረስን። ኮራሁ። የመድኃኒት ባለሙያዋ ግን ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችና «እማማ የሚወስዱትን ሁሉ አምጡ» አለች። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል። አንድ በአንድ እያነሣች አነበበችና አንዱ ላይ ቆመች። ሲምቫስታቲን።

ፓክስሎቪድ ሁለት መድኃኒት ነው። ቫይረሱን የሚመታው ኒርማትሬልቪር ሲሆን፣ ሪቶናቪር ደግሞ ጉበት ያንን ቶሎ እንዳያፈርሰው ያዘገየዋል። ችግሩ፣ ጉበት ሌሎችንም መድኃኒቶች ማፍረስ ያቆማል። ሲምቫስታቲን ሲጠራቀም ጡንቻን ይጎዳል። አንዳንድ የልብ ምት መድኃኒቶችና የደም ማቅጠኛዎችም አብረው አይሄዱም። ባለሙያዋ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግራ ሲምቫስታቲኑ ለጊዜው እንዲቆም፣ የፓክስሎቪዱም መጠን ለኩላሊቷ ተቀንሶ እንዲሰጣት አደረገች። እማዬ አምስቱን ቀን «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» እያለች ጨረሰችው። ያ ጣዕም የታወቀ ነው፤ ሲያቆሙት ይጠፋል። በስምንተኛው ቀን ትንሽ ሳል ተመልሶባት ነበር። ይህም እንደሚሆን ተነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም፤ እንደገና ለብቻዋ ክፍሏ ውስጥ ቆየች።

ክትባቱን ረሳሁት ብላችሁ እንዳታስቡ። ያን ዓመት አልተከተብኩም ነበር። «ተከትቤ ነበር የያዘኝ» ሲሉ እየሰማሁ። የሚወጋው ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ወይም ቁራጩ ብቻ ስለሆነ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ለመሥራት ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ የክትባቱን ይዘት ይመርጣል፤ ስለዚህ ያምናውን መቁጠር አይቻልም። አሁን በየዓመቱ አምስታችንም፣ ልጃችንም ስድስት ወር ከሞላት ወዲህ፣ እንከተባለን። አምስተኛው ወንድሜ ነው፤ እየጎተትኩ።

ፍሪጃችን ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አለ። የእማዬ መድኃኒቶች ስም ከነመጠናቸው፣ የኩላሊት ምርመራዋ ቁጥርና ቀኑ፣ የእኔ አስም፣ የሌሊት ስልክ ቁጥር። ከታች «የጀመረበት ቀንና ሰዓት» የሚል ባዶ መስመር። ወንድሜ ሲመጣ ያይና ይስቅብኛል፤ «ክሊኒክ ከፍተሃል» ይለኛል።

ባለፈው ወር በጠዋት ደወለልኝ። ድምፁ ጎርንኗል። ሰላምታም አልሰጠኝ።

«ትናንት ማታ 3 ሰዓት ከሩብ» አለኝ።